መካነ ሰላም ላይ ጎልፍ የተጫወትን ጊዜ

ባለፈው ወር ልጄ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የጎልፍ ሜዳ ይዞኝ ሄደ። ለታመሙ ሕፃናት መታከሚያ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ውድድር ነው፤ ዕለቱም በአገራችን ጎልፍን ለጀመሩት የቀድሞ ተጫዋቾች መታሰቢያ እንዲሆን ታስቧል። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ እንዲህ ዓይነት ቦታ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። ጥላ ሥር አስቀመጡኝ፣ ለስላሳ ሰጡኝ፣ ሰው ሲመታ እንዳላወራ ነገሩኝ። አላወራሁም። ሣሩ ግን አስቆጨኝ። ያን የመሰለ ግጦሽ አንድ በሬ እንኳ ሳይቀምሰው ሲውል አይቼ አላውቅም።

በመግቢያው በኩል የቀድሞዎቹን ሰዎች ፎቶ በትልልቁ አሳትመው ደርድረውታል። አንዱ ጋ ስደርስ እግሬ ቆመ። ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው የሚስቁት ሰው ጋሽ መላኩ ናቸው፤ የእኛው፣ የትውልድ ከተማዬ የመካነ ሰላሙ ጋሽ መላኩ።

ጋሽ መላኩ በልጅነታቸው ከመካነ ሰላም ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። የጎልፍ ተጫዋቾችን ከረጢት በመሸከም ጀምረው፣ እያዩ ተምረው፣ በመጨረሻ ራሳቸው ከታወቁት ተጫዋቾች አንዱ ሆኑ። ይህን ሁሉ እኛ የሰማነው ፀጉራቸው ሸብቶ ወደ አገራቸው ብቅ ሲሉ ነው። እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ፣ ከመብላትና ከመጫወት በቀር ለቤቱ ምንም የማልጠቅም ጎረምሳ ነበርኩ። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ገብሱ ታጭዶና ተወቅቶ አልቋል። ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ያነጋል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ጠንከር ስትል ከየቤቱ የሚታመሰው ቆሎ ሽታ መንደሩን ይሞላዋል። የገና ጨዋታ ወቅት ስለሆነ ጎልማሳውም ወጣቱም ከእጁ ቆልማማ ዱላ አይለይም።

ጋሽ መላኩ የመጡት ዘመድ ሊጠይቁ ብቻ አልነበረም። እናታቸው ከቆላ በቃሬዛ ሲመጡ በምጥ መንገድ ላይ ነው ያረፉት። ስለዚህ በጤና ጣቢያው ግቢ፣ ከቆላ የሚወጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው የሚቆዩበት አንድ ቤት ማሠራት ፈለጉ። ቆርቆሮውን ከአዲስ አበባ ወዳጆቻቸው ለምነው አምጥተዋል። የቀራቸው እንጨት ነው። ቤት የሚያቆም ባሕር ዛፍ ያላቸው ደግሞ ሐጂ ይመር ነበሩ።

ያ ቤት ለጓደኛዬ ለሰይድ ከማንም ይበልጥ ያስፈልገው ነበር። ሰይድ ተወልዶ ያደገው እዚያው መካነ ሰላም ታች ሰፈር ነው፤ ካገባ በኋላ ግን ቆላ ወርዶ የአማቱን መሬት ያርስ ነበር። ባለፈው ክረምት ሚስቱ ፋጡማ ምጥ ሲጠናባት በቃሬዛ ተሸክመን ዳገቱን ስናወጣት እኔም አንዱ ተሸካሚ ነበርኩ። ዝናቡ ፊታችንን ይገርፈናል፣ ጭቃው ጫማችንን ያስቀረዋል። እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ሰይድ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። አሁን ፋጡማ እንደገና አርግዛለች።

ሐጂ ይመር ጨዋታ የሚወዱ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። ጋሽ መላኩ እንጨቱን ሲጠይቋቸው እሺም እምቢም አላሉም። አንድ አገር ሰው ኳስ ጉድጓድ ውስጥ ለመክተት ሲለፋ ይውላል መባሉ አስገርሟቸዋል። መጀመሪያ ይህን ጨዋታ ልየው አሉ። ኳሷ ከሜዳው ራስ ተመትታ ግርጌ ካለው ጉድጓድ የቀትሩ፣ የዙሁር፣ አዛን ሳይሰማ ከገባች የሚፈለገውን ያህል ዛፍ ይቆረጣል፤ ካልገባች ባሕር ዛፋቸው እንደቆመ ይቀራል። ቃላቸውን በሕዝብ ፊት ሰጡ።

ጋሽ መላኩ ጉድጓዷን በገዛ እጃቸው ቆፍረው ጨርቅ የታሰረበት ዘንግ ተከሉባት። መሬቱ ደልዳላ የሆነበትን መርጠው ነው። ታዲያ ያ ቦታ ታች ሰፈሮች ከአያት ቅድመ አያታቸው ጀምሮ የገና ኳስ እንዳያልፍባቸው የሚጠብቁት ቦታ መሆኑን በልጅነታቸው የወጡት ሰው ከየት ያውቁታል? እኛም ለመንገር አላሰብንም።

በነጋታው አገሩ ሁሉ ወጣ። ጋሽ መላኩ እግራቸውን አስተካክለው ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው መቱ። ነጯ ኳስ በላያችን በረረች። ኳስ እንዲያ ስትበር አይተን ስለማናውቅ አፋችንን ከፍተን ቀረን። ከጉድጓዷ ራቅ ብላ አረፈች። በጎልፍ ሕግ መቺው ቀስ ብሎ ሄዶ ይደግማታል አሉ። በእኛ ሕግ ግን መሬት ላይ ያለች ኳስ ቀድሞ የደረሰባት ሰው ናት። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ዱላ የያዘ ሁሉ ተንጋጋ። እኛ የላይ ሰፈር ልጆች ወደ ጉድጓዷ መታናት። ታች ሰፈሮች የለመዱት ቦታ ላይ ተሰልፈው ወደ ላይ መለሷት። ሰይድም ለገና ጨዋታው ሚስቱን ይዞ ከቆላ ወጥቶ መሐላቸው ነበር።

ጋሽ መላኩ ተዉ እያሉ መሐላችን ገብተው ለመኑ፤ የሰማቸው የለም። መጨረሻ ላይ ወደ ሐጂ ይመር ሄደው ሰው ገለል ብሎ ጨዋታው እንደ አዲስ እንዲጀመር ጠየቁ። ሐጂ በሳቅ እንባቸው መጥቶ በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር።

«ወንድሜ መላኩ» አሉ፣ «እኔ ኳሷ ትግባ አልኩ እንጂ ማን ያግባት አላልኩም። አሁን ይህን ሕዝብ ማን ያቆመዋል?»

እውነታቸውን ነው፤ ማንም አላቆመንም። ታች ሰፈሮች ቤቱን ጠልተው አልነበረም። አንድ በአንድ ብትጠይቃቸው ዛፍ ቢኖራቸው ከራሳቸው ይሰጡ ነበር። ኳስ እየመጣባቸው ግን አሳልፉ ማለት አቧራ እየመጣባችሁ ዓይናችሁን አትጨፍኑ እንደማለት ነው። በኋላ ስንት ዓመት ሳስተምር ይህን የሰው ጠባይ ለተማሪ ላስረዳ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደረሰች። ሐጂ ወደ መስጊዱ ማየት ጀመሩ። በዚያ ግርግር ኳሷ ከእግር ሥር ሾልካ እኔ ዱላ ላይ መጣች። በእኔና በጉድጓዷ መካከል የቆመው ሰይድ ብቻ ነው። ሰይድን ኳስ አልፋው አታውቅም። በእኛ አገር ኳስ ያሳለፈ ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይዘፈንበታል፤ በሠርጉም በደቦውም ስሙ እየተነሳ ይሰደባል። ሰይድ ዱላውን አዘጋጅቶ አየኝ። ከዚያ አንድ ጊዜ ወደ ሴቶቹ በኩል ዞር አለ። ፋጡማ ከፊት ቆማለች፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች።

ፈርቼ ነበር። መታሁ። እውነቱን ለመናገር የማይረባ ምት ነው። ኳሷ እየተንቀረፈፈች፣ እየነጠረች ሄደች። ሰይድ ዱላውን አነሳ። አነሳና ኳሷ በሥሩ እስክታልፍ ድረስ እዚያው አየር ላይ ያዘው። ጉድጓዷ ውስጥ ገባች። ጩኸታችን ሳይበርድ አዛን ተሰማ።

ሰፈሬ ተሸከመኝ። ጋሽ መላኩ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። ሐጂ ይመር ነገ መጥረቢያ ይዛችሁ ኑ ብለው ወደ ሶላታቸው ሄዱ።

ሰይድ ላይ ያልተዘፈነ የለም። ቆሞ የሚተኛ ተባለ፤ ትዳር ክንዱን አልፈሰፈሰው ተባለ። እሱም ቃሪቦውን እየጠጣ አብሮ ይስቅ ነበር። ቤቱ ከክረምት በፊት አለቀ። ሐምሌ ላይ ፋጡማ ከእናቷ ጋር መጥታ ሰነበተችበት፤ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

አዲስ አበባ ያ ውድድር ሲያልቅ ሩቅ ለመታም፣ ከጉድጓዱ አቅራቢያ ላሳረፈም ዋንጫ ሰጡ። እያጨበጨብኩ ቆየሁና ወደ መኪናው ሄጄ ሰይድ ዘንድ ደወልኩ። ዛሬም ያው ቆላ ነው፤ ጆሮው ስለደከመ በጩኸት ነው የምናወራው። የጋሽ መላኩ ፎቶ መሰቀሉን ነገርኩት። አላህ ይዘንላቸው አለ።

«ጌጡ» አለኝ ቀጥሎ፣ «ያቺን ኳስ ብፈልግ እመልሳት ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«ታውቃለህ?»

«ያን ጊዜም አውቅ ነበር።»

ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ያን ዘፈን እኔም ያመንኩት መስሎት ኖሯል። እኔ ደግሞ ማወቄን የሚያውቅ መስሎኝ አንድም ቀን አልነገርኩትም።