የስቶሬጁ በር

ያ መዓተኛ በረዶ ቶሮንቶ ላይ የወረደው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማብቂያ፣ የታናሽ ወንድሜ የጥገኝነት ጉዳይ ሊሰማ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ከእስር የተፈታበት ወረቀት ደግሞ ቤት አልነበረም። ከከተማው ዳር ኢቶቢኮ፣ በየወሩ እየከፈልን ዕቃ በምናስቀምጥበት ስቶሬጅ፣ አንድ አሮጌ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ ከሌለ «ታስሬ ነበር» ቢል ማን ያምነዋል? ወደ መጣበት ይመልሱታል።

ጥፋቱ የኔ ነው። በእኛ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ወረቀት ቤቱ የሚያስቀምጥ ሰው አልነበረም፤ ፈታሽ መጥቶ አንዲት ብጣሽ ካገኘ አለቀልህ። እዚህ ቶሮንቶ መጥቼ ፓርክዴል ሰፈር ከገባሁም በኋላ ያ ፍርሃት አልለቀቀኝም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ቀጥ ትል ነበር። ስለዚህ ሻንጣውን ከቤት አራቅሁት። ብልጥ ነኝ ብዬ እኮ ነው!

በጠዋት ወጣን። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ቆመ፤ የቀረውን በረዶው እስከ ጉልበታችን እየዋጠን በእግር ሄድን። ስንደርስ መብራት ጠፍቷል፤ ቁጥር እየነካን የምንከፍተው የውጪ በር ድርቅ ብሏል። ማናጀሩ ቁልፍ ይዞ መጣና፣ በእንዲህ ያለ ቀን በእጅ ለመክፈት የወሩን ኪራይ ሦስት እጥፍ ክፈሉ አለን።

«የገዛ ዕቃችንን ለማውጣት? ይሄን የሚከለክል ሕግ የለም?» ብዬ ጮህኩ።

«የለም። ኮንትራክቱ ላይም ፈርመሻል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሳላነብ ፈርሜያለሁ። በሽቄ አፌን ልከፍትበት ስል ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ዓይኑ ሰውዬው እጅ ላይ ካለው የቁልፍ ዘለላ አልተነሳም።

«እትዬ፣ ተይው በናትሽ» አለኝ በሹክሹክታ። «ቁልፉን ይዞ ይሄድብናል።»

ለቤት ኪራይ የያዝኩትን አውጥቼ ከፈልኩ። በሩ ተከፈተ። ረጅም ጨለማ ኮሪደር፣ ግራና ቀኙ የተቆለፈ የብረት በር ብቻ። ወንድሜ አንድ እግሩን አስገብቶ ቆመ።

«አልችልም» አለ። «ከኋላችን ቢዘጉትስ?»

እኔም ፈርቻለሁ፣ ምን ልደብቅ። ባትሪዬን አብርቼ ብቻዬን ገባሁ። እሱ የውጪውን በር በጀርባው ደግፎ ቀረ።

«እትዬ!» ይላል።

«አለሁ!» እላለሁ።

ጥቂት እራመዳለሁ፣ ደግሞ «እትዬ!» ይላል። በደነዘዘ ጣቴ ከራሳችን ቁልፍ ጋር ስታገልም አላቋረጠም፤ እኔም መመለሱን አልተውኩም።

ሻንጣውን ተሸክሜ ስወጣ ድምፁ ተዘግቷል። ጓንት የሌለው እጁ በሩን ጨምድዶ እንደያዘ ነው። ወረቀቱ መኖር አለመኖሩን አልጠየቀኝም።

«ወጣሽ?» ብቻ አለኝ።