የሀናን ተራ

አገርነሽ ቀዝቃዛውን የጡት ራጅ ሰሌዳ፣ ሴቶቹ ሳይነኩት በፊት በመዳፏ ታሞቀዋለች። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ብረት ላይ ሲያድር ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። የካ ባለው በዚህ ሆስፒታል አስራ ዘጠኝ ዓመት ራጅ አንስታለች፤ አንድም ጠዋት ማሞቁን አልረሳችም።

የማታምነው ኮምፒዩተሩን ነው።

ድሮ ፊልሞቹን በእጇ ትደረድር ነበር። ያሰጋትን ፊልም ፖስታ ጥጉን አጥፋ ከላይ ታደርገዋለች። ዶክተር ነፃነት በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች ከላይ ጀምራ ታነባለች። ካለፈው መስከረም ወዲህ ግን አጣዳፊውን ከላይ፣ የማያጣድፈውን ከታች የሚያደርገው አዲሱ ፕሮግራም ነው። ሦስት ወር ይፈጅ የነበረ ውጤት በሁለት ሳምንት ይደርሳል። ሰው ሁሉ ተደሰተ። አገርነሽ ግን ጠረጠረች፤ ምን እየዘለለ ነው እንዲህ የሚፈጥነው?

ማክሰኞ ጠዋት ሀናን መጣች። ላምበረት መናኸሪያው አጠገብ ጫማ ትሸጣለች።

"ሲስተር፣ እጅዎ ዳቦ ቤት ነው እንዴ የሚያድረው?"

"አርፈሽ ቁሚ! ትንፋሽሽን ያዢ።"

ምስሉ ሲወጣ የአገርነሽ ፈገግታ ጠፋ። በቀድሞው ፊልም የጤፍ ፍሬ ታህል የነበረች ነጭ ነጥብ አሁን አተር አክላለች። ፕሮግራሙ ግን ሀናንን ከአርባ ሦስት ሴቶች አርባ አንደኛ አደረጋት። እዚያ ታች ላሉት ብዙ ጊዜ የሚጻፍላቸው "ከዓመት በኋላ ይመለሱ" ነው። ያቺ አተር ደግሞ ዓመት የምትጠብቅ አትመስልም።

ሀናንን "ኮሪደሩ ላይ ጠብቂኝ፣ እንዳትሄጂ" ብላ ኮምፒዩተሩን የሚከታተለውን ኤቢሳን ጠራችው።

"እትዬ አገር፣ ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ማንን ሰረቀብዎት?"

"ይቺን ሴት። ለምን ታች እንደጣላት አሳየኝ። አንተ ያዘዝከው ነገር አለ።"

"እኔ? ኧረ በፈጠረዎት!" እየሳቀ ከፈተው። "ይኸው፣ ለውጡ በጣም ስሎው ነው ይላል። አስር ዓመት ፈጅቷል።"

"የምን አስር ዓመት? ካቻምና ነው ያነሳኋት!"

"የድሮው ፊልም 2016 ይላላ።"

አገርነሽ ቁጥሩን ደግማ አነበበችው። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አሮጌው ካርድ ላይ ያለው 2016 የእኛው ነበር።

"ማነው ያስገባው?" አለች አገርነሽ፤ ጥፋተኛውን ያገኘች መስሏት።

ኤቢሳ ወደ ስክሪኑ ጥግ ጠቆመ። የራሷ ስም ነው። ባለፈው ክረምት ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ማንንም አላምንም ብላ አሮጌዎቹን ካርዶች ብቻዋን የጻፈችው እሷ ናት። ሦስት መቶ አስራ ሁለት ሴቶች። ጣቶቿን አየቻቸው፤ የሌላ ሰው መሰሏት።

ከዚያ ስልኩን አንስታ ዶክተር ነፃነትን አገኘቻት። ዶክተሯም ባለችበት ሆና ሁለቱን ፊልሞች በኮምፒዩተር ጎን ለጎን አይታ፣ ሀናን ዛሬውኑ ከጡቷ ናሙና እንዲወሰድላት አዘዘች። አገርነሽ ሀናንን እጇን ይዛ በሩ ድረስ አደረሰቻት። ስትመለስ የካርድ ክፍሉን ቁልፍ ከመንጠቆው አነሳች።

"ወዴት ነው?" አለ ኤቢሳ።

"ካርድ ክፍል። አንድ በአንድ ላያቸው ነው።"

"እትዬ፣ ሲስተሙ በአንዴ ያስተካክለዋል እኮ። ስምንት ዓመት መደመር ነው።"

"ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የተነሳችዋስ? ለእሷ ሰባት ነው። ወሩ ያለው ካርዱ ላይ ብቻ ነው፤ ማን ይነግረዋል?"

አገርነሽ ሁለቱን እጆቿን ጋዋኗ ኪስ ከትታ በረጅሙ ኮሪደር ሄደች።