የአባባ መኪናና ጠንካራው ጎሚኒ

ባለቤቴን ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሁሉ «ቡሎን» ይሉታል፤ አንዴ ከጠበቀ አይላላማ። እኔ ሚስቱ ደግሞ የባሰ ስም አውጥቼለታለሁ፤ እሱን ሆድ ይፍጀው። እጁ ወርቅ ነው፣ ጠላቱም አይክደውም። ክፋቱ፣ መኪና ሠርቶ ራሱ ይነዳል፣ ራሱ ያደንቃል። ባለመኪናውን «እንዴት ሆነልህ?» ብሎ መጠየቅ ሞቱ ነው።

አባቱ፣ እኔ አባባ የምላቸው፣ አንዲት የድሮ ስፖርት መኪና አለቻቸው። ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት ዝቅ ያለች። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደስታቸው እሷ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት እማማን ከጎናቸው አስቀምጠው ከከተማ ወጣ ይሉና እንደ አዲስ ሙሽራ እየሳቁ ይመለሳሉ።

አንድ ቀን መኪናዋ ከሥር ኳ ኳ ማለት ጀመረች። ቡሎን በክሪክ አንስቶ አያት። ጎማውን የሚይዙት ብረቶች፣ ብራቾዎቹ፣ መጋጠሚያቸው ላይ ያለው ንዝረት የሚውጥ ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ ተሰነጣጥቆ አልቋል። ትንሽ ቢታገስ የፋብሪካውን ለስላሳ ጎሚኒ ማስመጣት ይቻል ነበር። እሱ ግን ሌላ ድርጅት የሚሠራውን፣ ለውድድር የሚሆን፣ ድንጋይ የሚያህል ጠንካራ ቢጫ ጎሚኒ ገዛ። «ይሄ ከእኛም ዕድሜ ይበልጣል!» አለኝ።

ሲሠራ አይቼዋለሁ፣ ምሳ ላደርስለት ሄጄ። ብራቾዎቹን ፈታ፤ አሮጌውን ጎሚኒ በእሳት አቃጥሎ አወጣው፤ ጎረቤቱ ሁሉ በጭሱ እስኪያስል። ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳ፣ አዲሱን ግራሶ ቀብቶ በሞርሳ እየጨመቀ አስገባ። ከዚያ ጋራዡ ፊት ለፊት ያለው አዲስ አስፋልት ላይ አበረራት። «ምላጭ!» እያለ ተመለሰ። ያ አስፋልት እኮ እንቁላል ደርድረህ ብትነዳበት አንዱ አይሰበርም! የአባባ ሰፈር መንገድ ግን ጉድጓድ ብቻ ነው።

አባባ ቁልፉን ሲቀበሉ «ተባረክ፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው» ብለው ግንባሩን ሳሙት። ጥቂት ቅዳሜ ነዷት። ከዚያ ሸራ አለበሷት፤ በቃ።

ቡሎን አኮረፈ። «ያን ያህል ለፍቼ! ካልወደዳት ፊት ለፊት አይነግረኝም?»

«ጠይቃቸዋ! አፍ የለህም?»

«ራሱ ይንገረኝ።»

ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። እዚያ ቤት መሄድ ቀነሰ። ሲሄድም አባትና ልጅ ስለ ዝናብ አውርተው ይለያያሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ከረሙ! ሁለቱም ኩራት እራታቸው ነው።

እውነቱን ያወጡት እማማ ናቸው። ልብስ ስናጣጥፍ «አባባ ለምንድነው መንዳት የተዉት?» አልኳቸው። ወደ በሩ አየት አደረጉና፣

«ወገቡ ነዋ ልጄ» አሉ። «እያንዳንዷ ጠጠር አከርካሪው ላይ ነው የምትወጣው። ከመኪናዋ ሲወርድ ግድግዳ ይዞ ነበር የሚገባው። ‘ልጄ ለፍቶ የሠራልኝን ጎረበጠኝ ብዬ ልቡን ልስበር?’ ብሎ እንዳልናገር አስማለኝ።»

የማሉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ አልማልኩም። ቤት ገብቼ ዘረገፍኩለት። ቡሎን ፊቱ ጠቆረ። «ወገቡን እንደሚያመው በምን ልወቅ?» አለ፤ ደግሞ መልሱን ሳልሰጠው ራሱ አገኘው መሰለኝ አንገቱን ደፋ። አንጀቴን በላው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ለስላሳውን ጎሚኒ ፍለጋ የዚያን ጊዜ ተጀመረ። ፋብሪካው መሥራት አቁሟል። ስንት ወር ተንከራትቶ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ አገኘ። ገጠመውና ቡሎኖቹን ከማጥበቁ በፊት መኪናዋን መሬት አስቀምጦ እኔን መሪው ጋ አስቀመጠኝ። «ሰው በተቀመጠበት ልክ ካልጠበቀ ጎሚኒው ይጣመማል። በክብደት አባዬን የምትተኪው አንቺ ነሽ።» ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚህች ቃል እራት አያገኝም ነበር። ያን ቀን ግን መሪውን ይዤ ተቀመጥኩለት። ከዚያ የአባባን ሰፈር ጉድጓድ ሁሉ እየመረጠ ነዳባት።

ቅዳሜ ጠዋት ወሰድናት። አባባ በምርኩዝ ወጡ፤ በዚያ ክረምት ጉልበታቸው ከድቷቸው ነበር። ቡሎን በሩን ከፍቶ በብብታቸው ደገፋቸው። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ። እንደገና ሞከሩ። ላብ አጠመቃቸው።

«በቃ፣ ተወኝ ልጄ» አሉ። «እናትህን አዙርልኝ።»

እናትና ልጅ ሄዱ። እኔና አባባ በሩ ላይ ቆመን ቀረን። መኪናዋ ጉድጓዱን ስታልፍ ድምፅ እንኳ አልነበራትም።

«ያኔ ብነግረው ኖሮ እስከ ዛሬ እየነዳሁ ነበር» አሉኝ። «እሱን ግን እንዳትነግሪው፤ ልቡ ይሰበራል።»

ደሜ ፈላ። «ኧረ አባባ፣ በስመ አብ! ይሄንንስ ራስዎ ይንገሩት!»

መኪናዋ ተመለሰች። ቡሎን ወርዶ አባቱ ፊት ቆመ። አባባ አፋቸውን ከፈቱ።

«ነዳጁ በቃህ?» አሉት።

«በቃኝ፣ አባዬ።»

ሌላ አልተነጋገሩም። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።