ቅዳሜ እስኪደርስ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዓመታት ስቶክሆልምን የማውቃት በአብዛኛው በባቡር መስኮት ነበር። የማስተምረው አማርኛ ነው። ከውጭ የመጡ ሰዎች ልጆች የወላጆቻቸውን ቋንቋ በሳምንት አንድ ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ ይማሩ ስለነበር፣ እኔም ሰኞ ሄሰልቢ፣ ማክሰኞ ሶልና፣ ረቡዕ ዮርድብሩ እያልኩ እዞራለሁ። ሰኞ ቀላል ነው፤ ሄሰልቢ ሰፈሬ ነው። ረቡዕ ግን ከአረንጓዴው መስመር ጫፍ ተነስቼ፣ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ፣ መሐል ላይ ቱነልባና ከሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ወርጄ፣ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ወደሚሄደው ፔንደልቶግ ተሻግሬ ዮርድብሩ ስደርስ፣ ገና አንድ ፊደል ሳላስተምር ድክም ብሎኛል።

ሸክሜም ቀላል አልነበረም። ተጠቅልሎ እንደ ዣንጥላ ከቦርሳዬ አንገቱን የሚያወጣው የፊደል ገበታ፣ የልጆቹ ደብተሮች፣ በመንገድ የማነበው መጽሐፍ አለ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጫማ ስለሚወለቅ ደግሞ የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማዬን እይዛለሁ። የራሴ ክፍል ኖሮኝ አያውቅም። ዮርድብሩ የሰጡኝ የተሰበሩ ወንበሮች የሚከማቹባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ቁልፏን የሚሰጠኝ የትምህርት ቤቱ የጥገና ሠራተኛ በየሳምንቱ "አንቺ ደግሞ የምን ቋንቋ ነሽ?" ይለኛል። በየሳምንቱ እነግረዋለሁ።

እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው። አዲስ አበባ ቀን ቀን ሰው ቤት እየሠራሁ፣ ሥራ ሲያልቅ ከእኔ በዕድሜ ከሚያንሱ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣብቤ። ስዊድን ከገባሁም በኋላ ቢሮ እያጸዳሁ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገብቼ ነው ለመምህርነት የበቃሁት። እንደዚያ ተለፍቶበት የተገኘ ነገር ሲበላሽ ዝም ብሎ ማየት አይቻልም። አንድ ልጅ ሀሌታውን ሀ በሐመሩ ሐ ቦታ ቢያስገባ፣ ባቡሬ ቢያመልጠኝም አሰርዤ አጽፌው ነው የምሄደው።

አንድ ደንብ ነበረኝ፤ ክፍሌ ውስጥ ስዊድንኛ አይሰማኝም። ልጆቹ በስዊድንኛ ሲጠይቁኝ ወደ መስኮቱ ዞሬ በረዶውን አያለሁ። "ትሰማለች እኮ! ከቁልፉ ሰውዬ ጋር ስታወራ ሰምቻታለሁ!" ይባባላሉ። እሱንም የሚሉት በስዊድንኛ ስለሆነ አልሰማሁም።

ዮርድብሩ ከነበሩት ልጆች መካከል አሥር ዓመት ገደማ የሚሆናት አንዲት ልጅ ነበረች። አማርኛ አንድ ቃል አያመልጣትም፤ ቀልድ ሲነገር ከሁሉም ቀድማ የምትስቀው እሷ ነች። መልሷ ግን ሁልጊዜ ስዊድንኛ ነው። አባቷ አውቶቡስ ይነዳል፤ እናቷ የሽማግሌዎች መንከባከቢያ ቤት ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። እናትየዋ በስልክ ባገኘችኝ ቁጥር፣ "መምህር፣ ይቺን ልጅ አፏን ያስከፍቱልኝ" ትለኝ ነበር። "ቤት ውስጥማ እኔ ባማርኛ፣ እሷ በስዊድንኛ፤ ጎን ለጎን የተከፈተ ሁለት ሬዲዮ ነው የምንመስለው።"

ኅዳር ላይ አንድ ረቡዕ፣ ጉንፋን ሌሎቹን ልጆች ከቤት አስቀርቷቸው እሷ ብቻዋን መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ ትንሽ የካሴት መቅረጫ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ነገሩን አውቀዋለሁ። እናትየዋ ዋዜማውን ደውላልኝ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ዘመድ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ ለእናቷ ዕቃ እያዘጋጀች ነው፤ የሱፍ ሻል፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ከዚያ ደግሞ ካሴት። በዚያን ጊዜ ስልክ ውድ ስለነበር ድምፃችንን በካሴት ቀርጸን ነበር የምንላላከው። አሮጊቷ በመጨረሻው ካሴታቸው፣ "የልጅ ልጄን ድምፅ ሳልሰማ ልሙት ነው?" ብለው ኖሯል። እናትየዋ ልጅቷን ልታስቀርጻት ብትሞክር ከንፈሯን ገጥማ እምቢ አለች። "እልህ ይዟታል" አለችኝ። "እርስዎን ግን ትፈራለች። እባክዎ፣ አንድ ቃል ብቻ ያስቀርጹልኝ።"

መቅረጫውን ከፈትኩት።

"በይ፣ እምዬ እንደምን ነሽ በይ።" እምዬ የሚሏቸው አያትየዋን ነው።

ዝም።

"ሲያምርብሽ! ካሴቱ እየሄደ ነው እኮ። እምዬ፣ እንደምን ነሽ።"

የኮቷን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች ትስባለች።

"አንድ ቃል ነው የተለመንሽው። እዚያ ቁጭ ብለው ያንቺን ድምፅ የሚጠብቁ ሴትዮ..."

"ሞታለች" አለች፤ በስዊድንኛ።

እንደ ልማዴ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከዚያ ተመለስኩ።

"ማን?" አልኳት። እኔም በስዊድንኛ።

እሑድ ዕለት ነው። እናትየዋ ሥራ ላይ ሳለች አጎቷ ከአዲስ አበባ ደወለ፤ ስልኩን ያነሳችው እሷ ነች። ከአጎቷ ድምፅ ጀርባ ብዙ ሰው ይጮኻል። "አባትሽን አቅርቢልኝ፤ ለእናትሽ እንዳትነግሪ" አላት። አባቷ ተቀብሎ አዳመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ስልኩን ሲዘጋ፣ "እናትሽ ቅዳሜ እረፍት ናት፤ ሰዎች መጥተው ይነግሯታል። እስከዚያ አንቺም እኔም ምንም አናውቅም" አላት።

"ይሄ ውሸት አይደለም?" አለችኝ። "ትናንት ሻሉን እያጣጠፈች ታንጎራጉራለች። እኔን ደግሞ ለእምዬ ተናገሪ እያለች ትቆጣኛለች። ምን ልበላት?"

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ሥራ ላይ እያለ፣ ብቻውንም ሆኖ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ተሂዶ፣ ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጠው ነው ቃሉን የሚያወጣው። ይህንን ስነግራት ፊቷ አልተፈታም። ስለዚህ የራሴን ነገርኳት። ሶልና ቢሮ ሳጸዳ አንድ የሀገሬ ሰው የሰማሁ መስሎት "እግዜር ያጽናሽ" ሊለኝ ሥራ ቦታዬ ደወለ። ለማን እንደሆነ ጠየቅኩት። እናቴ ነበረች።

"ከዚያስ? አለቀስሽ?"

"ኮሪደሩ ስላላለቀ ወለሉን ጨረስኩ።"

ዚፑን መሳብ ተወች።

"ቅዳሜ ብዙ ሰው ይመጣል?"

"ብዙ። እናትሽ ብትወድቅ የሚይዛት አይጠፋም።"

"እስከዚያስ?"

"መቅረጫውን እኔ ዘንድ ተይው። መምህሯ ያዘችው በያት። ይሄ ውሸት አይደለም፤ ይዤዋለሁ።" ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

የዚያን ዕለት አባትየው ደወለ። "እትዬ፣ ልጅቷ ነግራዎታለች አይደል? ፊቷ ቀለል ሲላት ጊዜ ገባኝ። ቅዳሜ እርስዎም ይምጡልን። ሴቶች ቀርበው ካልያዟት ለኔ ብቻዬን አትሆንልኝም።"

ቅዳሜ የምተኛባት ብቸኛዋ ማለዳ ነበረች። ሳይታጠብ የቆየ ልብስ፣ የሚታረም ደብተር፣ ሳይገለጥ የከረመ መጽሐፍ የሚጠብቀኝ ቀን። "እመጣለሁ" አልኩት።

በመጀመሪያው ባቡር ሄድኩ። በኅዳር እዚያ ሀገር ማለዳው ከጨለማው አይለይም፤ ሠረገላው ውስጥ ከፈረቃ የሚመለሱና ወደ ፈረቃ የሚሄዱ ሰዎች ተቀላቅለው ያንቀላፋሉ። እናትየዋ በየደረጃው የሰው ኮቴ ሰምታ እንዳትደነግጥ፣ የተቀጣጠርነው ከሕንጻው ሥር ካለው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። እዚያ ሀገር ነዋሪው ሁሉ በቀጠሮ በየተራ ነው ልብሱን የሚያጥበው፤ ቅዳሜ በማለዳ ማንም አይመጣም ብለን ነበር። ስደርስ ጥቁር የለበሱ ሰዎች በማሽኖቹ መካከል ተኮልኩለዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

"ከደርግ ተደብቀን አመለጥን፣ መጨረሻችን ከልብስ ማጠቢያ ጀርባ ሆነ!" አለ አንዱ።

"ዝም በል አንተ፣ ሰው ይሰማል።"

"ማን ይሰማል? ማድረቂያው?"

"ይልቅ ጋሼ የት ቀሩ?"

ጋሼ የሚሏቸው ቃሉን የሚያወጡት ሽማግሌ ናቸው። ያለ እሳቸው መውጣት አይቻልም። ተንቀሳቃሽ ስልክ በየኪሱ የነበረበት ጊዜ አይደለም፤ ቤታቸው ሲደወል አይነሳም። ቆመን ጠበቅን። እግሬን ስላመመኝ ባዶ የልብስ ቅርጫት ገልብጬ ተቀመጥኩበት።

በሩ ሲከፈት ግን የመጡት ጋሼ አይደሉም። ቅርጫት በእጇ የያዘች የሰፈሩ አሮጊት ነበረች። ሁላችንን ተራ በተራ አየችን።

"ይሄ የኔ ሰዓት ነው" አለች በጨዋ ድምፅ።

"ይቅርታ፣ ሰው ሞቶብን ነው" አላት አንዱ።

ዓይኗ ወደ ማሽኖቹ ሄደ። "እዚህ?"

"የለም፣ አዲስ አበባ።"

"አዝናለሁ" አለች፤ ከልቧ ነበር። ቅርጫቷን ግን አላስቀመጠችም፤ ከበሩም ፈቀቅ አላለችም። እየተያየን ወጣን። ብርድ ላይ መቆም አይቻል፣ ደረጃው ላይ መቆም አይቻል። "እንግዲህ እንውጣ" ተባለ። "ከመካከላችን አንዱ ይናገራል።" ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

እግሬን ስላዩ እኔን አሳንሰር ውስጥ ጨመሩኝ፤ እነሱ በደረጃ ወጡ። ስለዚህ ቀድሜ ደረስኩ። ስምምነቱ አባትየው እንዲከፍት ነበር። ገና ሳላንኳኳ በሩን የከፈተችው ግን እናትየዋ ናት፤ በቤት ልብሷ፣ የቆሻሻ ከረጢት ልትጥል ይዛ። ስታየኝ ፊቷ በራ።

"መምህር! በዚህ ማለዳ? ካሴቱን ይዘውልኝ መጡ? ተናገረች?"

እስከ ዛሬ ከሁሉም ይልቅ የሚመጣብኝ ይህ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ መቅረጫው ነበር። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ወዲያው ኮቴው ተሰማ፤ መጀመሪያ ነጠላዎቹ፣ ከዚያ የወንዶቹ ጥቁር ኮቶች ከደረጃው ብቅ አሉ። ፈገግታዋ ሳይጠፋ ዓይኗ ተለወጠ።

"ማነው?" አለች።

ወንዶቹ ተያዩ። አንዱ፣ "እንዲያው እስቲ መጀመሪያ እንግባና..." ሊል ጀመረና ተወው።

"ማነው በሉኝ! ወንድሜ ነው?"

ከጀርባዋ ልጅቷ በፒጃማ ወጣች። አባትየው ሊይዛት እጁን ዘርግቶ ነበር፤ አልደረሰባትም። እናቷ ጎን መጥታ ቆመች።

"እምዬ ናት" አለች። "እምዬ ሞተች። እሑድ ነው። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ለዛ ነው ለካሴቱ ያልተናገርኩት።"

ባማርኛ ነበር። እኔ የማርመው አልነበረውም።

ከረጢቱ ወደቀና የድንች ልጣጭ በሩ ላይ ተበተነ። ጩኸቷ ሕንጻውን ሞላው፤ የጎረቤት በሮች ተከፍተው ተዘጉ። ሴቶቹ ደርሰው ያዟት። እሷ ግን የያዘችው ልጅቷን ነው፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አቅፋት፣ "ብቻሽን? ይሄን ሁሉ ቀን ብቻሽን?" ትላታለች። ለእናቷ ስታለቅስ ለልጇም እያለቀሰች ነበር። ልጅቷ በመጨረሻ አለቀሰች።

ጋሼ የመጡት ለቅሶው ጋብ ሲል ነው፤ ትንፋሽ አጥሯቸው። ሕንጻዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የጎረቤቱ ሕንጻ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ገብተው ብቻቸውን ሲጠብቁን ኖረዋል።

"አንድ ወጣት መጥቶ ማሽኑን ትጠቀምበታለህ ወይ አለኝ" አሉ። "የለም ልጄ፣ ሰው እየጠበቅሁ ነው አልኩት። እሱ ልብሱን አጥቦ አድርቆ ሄደ። እናንተ የላችሁ!"

አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቀች ነበር። እናትየዋም በእንባዋ መሐል አየቻቸውና፣ "ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ደክሞዎታል" አለቻቸው።

ወደ ቤት ስመለስ ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ መጨረሻው ጣቢያ ላይ ነጂው ቀሰቀሰኝ። ደግነቱ መጨረሻው ሰፈሬ ነው። ቦርሳዬን ስፈታ መቅረጫው እዚያው አለ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ልጆቹ ሁሉ መጡ። ትምህርቱ ሲያልቅ እሷ ኋላ ቀረች። "እናቴ ካሴቱን ትፈልጋለች" አለች፤ ቀስ ብላ፣ ባማርኛ።

ያን ቀን መቅረጫውን ያጠፋሁት ቦርሳዬ ውስጥ ስከተው ነበር። ጭቅጭቄም፣ ዝምታዋም፣ የነገረችኝም፣ የኮሪደሩም ወሬ ሁሉ ተቀድቷል። "እምዬን ሰላም ያልሽበት የለም እኮ" አልኳት። "ባታዳምጠው አይሻልም?"

"ሁሉንም ነግሬያታለሁ። መስማት እፈልጋለሁ አለች። ድምፄ አለበት።"

ሰጠኋት። ከጓንቷ ሥር አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቁልፉን የሚረከበኝ ሰውዬ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ባቡሬም ሊሄድ ነው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

"አንቺም እዚያ ላይ ስዊድንኛ አውርተሻል" አለችኝ። ይሄኛውን በስዊድንኛ።

ወደ መስኮቱ ዞርኩ።