እትዬ አስካለን የረታሁበት ሂሳብ

ይህ ገጠመኝ የደረሰው ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ አልፎ ጾሙ በተፈታ ሰሞን ነው። በሕይወቴ ብዙ ነገር አሸንፌያለሁ ብዬ የምኮራ ሰው አይደለሁም። ይቺን አንዷን ግን አሸንፌያለሁ፤ ባስታወስኳት ቁጥር ደስታዋ እንደ አዲስ ስለሚመጣብኝ ልጽፋት ተነሳሁ።

መጀመሪያ እትዬ አስካለን ላስተዋውቃችሁ። እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በሚበዙበት ፌርፋክስ ላይ ለብዙ ዓመታት በርበሬና ሽሮ ሲሸጡ ኖረው አሁን ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። እኔ በዲቪ ስመጣ ሊቀበለኝ ቃል የገባው ዘመዴ ሌላ ስቴት ሄዶ ስልኩን ዘግቶ ጠበቀኝ። ሥራ ፍለጋ እትዬ አስካለ ሱቅ ገባሁ። ሥራ የለኝም አሉኝና ማደሪያ እንዳለኝ ጠየቁኝ። እንደሌለኝ ሲያውቁ ሱቁን ዘግተው ክሬንሾው አካባቢ ወዳለው ቤታቸው ወሰዱኝ። ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ እዚያው ኖርኩ።

ሆሊውድ አንድ ሆቴል ፓርኪንግ ተቀጥሬ የመጀመሪያ ደሞዜን ባመጣሁላቸው ጊዜ እጃቸውን እንኳ አልዘረጉም። "ለእናትህ ላክላት" አሉኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ ደግሞ "ለራስህ አስቀምጥ" ሆነ መልሳቸው። ከዚያ ወዲህ የሳቸውን አንዲት ማኪያቶ እንኳ ከፍዬ አላውቅም።

ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። ፌርፋክስ ላይ የእትዬ አስካለን ሂሳብ መክፈል የማይታሰብ ነገር ነው። ገና ሳይቀመጡ ካርዳቸውን ለአስተናጋጇ ያቀብላሉ። ካልሆነም "እጄን ልታጠብ" ብለው ይነሱና ከፍለው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ቀድሜያቸው ሄጄ ለምግብ ቤቱ ባለቤት ብር ልሰጠው ብል፣ "ደረጄ፣ ከእትዬ አስካለ ጋር አታጣላኝ" ብሎ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። ሰፈሩ በሙሉ የሳቸው ወገን ነው።

ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ልጃቸው ሰናይት ከሎንግ ቢች ተነስቶ ሜክሲኮ ደርሶ በሚመለስ መርከብ ልታዝናናቸው አሰበች። እኔም አብሬ እንድሄድ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ የቆረጠችው ቀን ሁዳዴ ውስጥ ነበር፤ እትዬ አስካለ "ያን ሁሉ ምግብ እያየሁ ልጹም?" ብለው አስቀየሯት። የራሴን ትኬት ቆርጬ እሺ አልኩ። ምኞቴ አንድ ብቻ ነበር፤ እኒህን ሴት አንድ ጊዜ መጋበዝ። ባሕር ላይ የሚያውቃቸው አስተናጋጅ የለም፤ እኩል እንሆናለን ብዬ አሰብኩ።

ያላሰብኩት ነገር ቢኖር የክሬዲት ካርዱን ጉዳይ ነው። እኔ ክሬዲት ካርድ የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። ያልያዝኩትን ገንዘብ ማውጣት ያስፈራኛል። ቲፕ የሚሰጠኝ በጥሬ ብር ነው፤ እኔም በጥሬው እኖራለሁ። ሰናይት በዚህ ነገር ሁልጊዜ ትነዘንዘኛለች።

መርከቡ ላይ ደግሞ ብር አይሠራም። እያንዳንዱ ተሳፋሪ የክፍል ካርድ ይሰጠዋል፤ በሩን የሚከፍተውም፣ ቡናውንና ወይኑን የሚገዛውም በሷ ነው። ሂሳቡ ተጠራቅሞ መጨረሻ ላይ ከክሬዲት ካርድ ይቆረጣል። ወደቡ ላይ የምትመዘግበን ልጅ የኔን ክሬዲት ካርድ ስትጠይቅ ከኋላችን ያለው ሰልፍ በሙሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ዴቢት ካርድ እንዳልሰጣት፣ በዴቢት የከፈለ ሰው ገንዘቡ ባንክ ተይዞበት ከወረደም በኋላ ለቀናት ሲጉላላ ሰምቻለሁ።

"ኦኬ፣ ችግር የለም" አለች ሰናይት። "የአንተን ሩም እኔ ካርድ ላይ ሊንክ ላድርገው።"

"አይሆንም" አልኳት። ሰው ሊጋብዝ የመጣ ሰው በተጋባዥ ልጅ ካርድ አይጋብዝም። መዝጋቢዋ፣ መርከቡ ውስጥ ገብቼ እንግዳ መቀበያው ዘንድ ጥሬ ብር ማስያዝ እንደምችል ነገረችኝ። ስንገባ ግን ሰልፉ ስለረዘመብኝ ለነገ አሳደርኩት። ለዚህ ስንፍናዬ የተቀጣሁት በዚያው ምሽት ነው።

እራት በልተን ስንጨርስ እትዬ አስካለ እጃቸውን ወደ ቦርሳቸው ሲሰዱ አየሁ። ብድግ አልኩ። "እኔ ልሙት፣ ዛሬ እኔ ነኝ" አልኩና እጃቸውን ያዝኩ። "ልቀቀኝ፣ አንተ ልጅ" አሉኝ። አስተናጋጁ የኢንዶኔዥያ ልጅ ነው፤ የተጣላን መስሎት ደነገጠ። ሰናይት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ስትስቅ ቆየችና፣ "ጋይስ፣ እራቱ እኮ ፍሪ ነው። ትኬቱ ውስጥ ተከፍሏል" አለችን። ለካ በሌለ ሂሳብ ነው ስንታገል የቆየነው።

የሚከፈለው የወይኑ ብቻ ነበር። እትዬ አስካለ ገና ሲስቁ ፈጠን ብዬ የክፍል ካርዴን ለአስተናጋጁ ሰጠሁት። በመጨረሻ ቀደምኳቸው ብዬ ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁ። ልጁ ሄዶ ተመለሰና ጎንበስ ብሎ፣ ካርዴ ላይ ምንም ዓይነት መክፈያ አልተመዘገበም አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እንዳልል ዙሪያችን ባሕር ነው።

"ሞኝህን ፈልግ" አሉ እትዬ አስካለ፣ የራሳቸውን ካርድ እያቀበሉት። ከዚያ እጄን መታ መታ አድርገው፣ "አይዞህ፣ ገና ልጅ ነህ" አሉኝ። አርባን አልፌያለሁ፤ ፀጉሬም ከመሸሽ አልፎ ጠፍቷል። አዝነውልኝ እንጂ ሊያዋርዱኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በጣም ተናደድኩ።

በማግስቱ ጠዋት እንግዳ መቀበያው ዘንድ ቀድሜ ተሰለፍኩ። ያስተናገደችኝ በእኔ ዕድሜ ያለች የፊሊፒንስ ሴት ናት። ታጥፎ ታጥፎ የከረመ የቲፕ ብሬን ባንኮኒው ላይ ሳወጣው ፈገግ አለችና፣ "ሥራህ ምግብ ቤት ነው?" አለችኝ። ፓርኪንግ እንደሆነ ነገርኳት። ብሩን እያስተካከለች፣ "ለየትኛው ክፍል ነው የማስገባው?" አለች።

እሷ የጠየቀችው እንደ ወትሮዋ ነው። እኔ ግን ወደ ባንኮኒው ጠጋ አልኩ።

"ለሌላ ሰው ክፍልም ማስገባት ይቻላል?"

"ማስገባት ማንም ይችላል። ማውጣት የሚችለው ግን የክፍሉ ባለቤት ብቻ ነው" አለችኝ።

"ባለቤቷ ክሬዲት ካርድ ቢኖራትስ? ከየትኛው ይቆረጣል?"

"መጀመሪያ ከጥሬው ብር ነው። እሱ እስኪያልቅ ካርዷ አይነካም።"

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ አልኩ በልቤ። ለራሴ ጥቂት አስያዝኩና የቀረውን በሙሉ በእትዬ አስካለ ክፍል አስገባሁት። ምኔ እንደሆኑ ስትጠይቀኝ "እናቴ" አልኳት። ምስጢር እንድትይዝልኝ ለመንኳት፤ እሳቸው ካልጠየቁ በቀር እኔ አልናገርም አለች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ የሕይወቴ ምርጥ ጊዜ ነው። እትዬ አስካለ ካርዳቸውን እየመዘዙ ይከፍላሉ፤ የሚያልቀው ግን የኔ ብር ነው። መጀመሪያ ላይ ብቻ ትንሽ ተሳሳትኩ። ቡና ጠጥተን ሲከፍሉ ዝም ብዬ ተቀምጬ አየኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ደረጄ፣ አሞሃል እንዴ?" አሉኝ። ለካ ካልታገልኩ ይነቃብኛል። ከዚያ በኋላ ለወጉ መታገል ጀመርኩ። "በሞቴ፣ ዛሬስ አይሆንም" እያልኩ እጃቸውን ላላ አድርጌ እይዛለሁ። "ዞር በል" ይሉኛል። ዞር እላለሁ። እንደዚያ በደስታ የተሸነፈ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ያስቸገረኝ ለራሳቸው ምንም አለማውጣታቸው ነው። ሌላውን ለመጋበዝ እጃቸው አይሰስትም፤ ለራሳቸው ሲሆን ግን ውኃም በነጻ ካልሆነ አይጠጡም። አሰብኩና ወገቤን ያዝ አድርጌ ማሳጅ ልገባ ነው አልኳቸው። እንደጠበቅሁት እኔ ነኝ የምከፍለው አሉ። "እርስዎ ካልገቡ እኔም አልገባም፣ ወገቤ እንዳመመኝ ይቅር" አልኩ። አጉረመረሙና ገቡ። ሲወጡ ፊታቸው በርቶ፣ "እንዲህ ያለ ነገር ኖሯል እንዴ" አሉ። የኔ ወገብም በዚያው ቀን ዳነ።

ሜክሲኮ ስንወርድ የመንገድ ላይ ዓሣ በላን። እዚያ በጥሬ ብር ስለሆነ ቀደሙኝ። መሬት ላይ አሁንም የሚችላቸው የለም።

የልደታቸው ዕለት ሰናይት ለብቻው የሚከፈልበትን የስቴክ ቤት ይዛ ነበር። እትዬ አስካለ በር ላይ ያገኙትን አስተናጋጅ ክንዱን ይዘው ካርዳቸውን አስረከቡት። ሰናይት ተቆጣች። "እማዬ፣ የአንቺ በርዝደይ እኮ ነው። ሊትረሊ የአንቺ!" እሳቸው ግን የድል አድራጊ ፊት አሳይተው ተቀመጡ። እኔ በዚያው ከሰዓት ወደ ፊሊፒኗ ሄጄ ተጨማሪ አስገብቼ ስለነበር ሳቄን በናፕኪን አፍኜ ቀረሁ።

ሎንግ ቢች ደርሰን ልንወርድ ስንሰናዳ እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው፣ በበራቸው ሥር የተተወላቸውን የሂሳብ ወረቀት ይዘው ወደ እኛ መጡ። ፊታቸው ተለዋውጧል።

"እነዚህ ሰዎች ተሳስተዋል። ያን ሁሉ በልቼ ጠጥቼ ዕዳ የለብሽም ይላል። የሌላ ሰው ገንዘብ ነው የበላሁት።"

"ይተዉት፣ ስህተት ከሆነ ራሳቸው ይደውሉልዎታል" አልኩ። እሳቸው ግን የሰው ሐቅ ይዤ አልወርድም ብለው ወደ እንግዳ መቀበያው ገሰገሱ። ተከተልኳቸው። ይሄን ሁሉ ለፍቼ በመጨረሻዋ ሰዓት ሊገለበጥብኝ ነው።

ባንኮኒው ጋ ያቺው የፊሊፒንስ ሴት ናት። እትዬ አስካለ በእንግሊዝኛ አስረዷት። እሷ በትከሻቸው ላይ አሻግራ አየችኝ። እኔ እንዳትነግሪያቸው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ልትዋሽ ግን አልቻለችም።

"ስህተት አይደለም፣ እመቤት። ወንድ ልጅዎ ነው የከፈለው።"

"ወንድ ልጅ የለኝም" አሉ።

ሴትየዋ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። እትዬ አስካለ መጀመሪያ ሰናይትን አዩ፤ ሰናይት እጆቿን ወደ ላይ አነሳች፤ እውነትም አታውቅም። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"መቼ?" አሉኝ በአማርኛ።

"በተሳፈርን ማግስት ጠዋት።"

"ታዲያ ያ ሁሉ ትግል?"

"የውሸት ነው።"

"ማሳጁስ?"

"እሱም።"

ሴትየዋ የተጨቃጨቅን መስሏት ይሆናል፣ በትሕትና ጣልቃ ገባች። ካልፈለጉት ብሩን ለእኔ መልሳ ሂሳቡን ከክሬዲት ካርዳቸው ልትቆርጥ እንደምትችል ነገረቻቸው። ካርዳቸውን ደግሞ ሲመጡ ጀምሮ አውጥተው ይዘውታል። አሁን ያቀብሏታል፣ አለቀልኝ አልኩ። ልለምናቸው ፈለግሁ። "እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ" ብዬ አቆምኩ።

ካርዱን አገላብጠው አዩት። ዓይናቸው እንባ አዝሎ ነበር። ከዚያ ካርዱን ወደ ቦርሳቸው መለሱና ለሴትየዋ፣ "ይቅር። ልጄ ነው የከፈለው" አሏት።

ከሂሳቡ የተረፈች ጥቂት ብር ነበረች። ሴትየዋ ቆጥራ ለእትዬ አስካለ ሰጠቻቸው። እኔን ገረፍ አድርገው እያዩ፣ "ይቺን ግን አልመልስልህም" አሉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ለዓመታት አንድ ሳንቲም አልቀበልህም ያሉኝ ሴት፣ የኔን ብር እንደ ራሳቸው ብር ያዙት። የዚያን ጊዜ አላስቻለኝም፤ መተላለፊያው ላይ አቅፌያቸው አለቀስኩ። ሰናይትም አብራ ታለቅስ ነበር።

ክሬዲት ካርድ አሁንም የለኝም። ፌርፋክስ ላይም አሁንም የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው፤ ባለፈው እሑድ እንኳ ገና ወንበር ሳልስብ ከፍለው ጠበቁኝ። ቅር አይለኝም። ከጉዞው በተመለስኩ ጊዜ ፓርኪንግ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ቀን የት ጠፋህ ሲለኝ ነገሩን ከየት እንደምጀምርለት ግራ ገባኝ። የአንድ እንግዳ መኪና ቁልፍ እየተቀበልኩት፣ "እናቴን ጋብዤ መጣሁ" አልኩት።