ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር እቺን እዘላታለሁ፤ የኮምፒውተር ጨዋታ ምን ኃጢአት አለው እያልኩ። ለአንተ ለአንባቢው ግን እነግርሃለሁ፤ አታውቀኝማ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አሜሪካ፣ ሪችፊልድ የምትባል ከተማ ብቻዬን እኖር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ኪዳኔ እዚያው አቅራቢያ ካለችው ከክሪስታል ከተማ መኪናቸውን እየነዱ ይመጡልኛል። አስመራ ያደጉ፣ አማርኛን ከእኔ አሳምረው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ኤደን ፕሬሪ በምትባል ሌላ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ አብረን ስንሠራ ቆይተን እሳቸው ጡረታ ወጡ። የዚያን ሁሉ መደርደሪያ ቁጥር በቃላቸው ይይዙ ነበር፤ ኩራታቸውም እሱ ነበር። በሳምንት ውስጥ ስሜን አስተካክሎ የሚጠራኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የምንጫወተው ጌም ሰው የጠፋበት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ማሽኑ ይሠራል፣ የምሳ ዕቃው እንደተከፈተ ነው፣ ሠራተኞቹ ግን የሉም። እሳቸው ማውሱን ይይዛሉ፤ እንግሊዝኛ ማንበብ ስለማይሆንላቸው ሠራተኞቹ የተዉትን ደብዳቤ እኔ እተረጉማለሁ። «አለቃው ጎደለ እንጂ የኛው መጋዘን ነው!» እያሉ ይስቃሉ።

አንድ ቀን የመጨረሻው በር ላይ ደረስን። ደብዳቤው እጀታውን ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ አዙሩ ይላል። ጌሙ ካለቀ ጋሼ ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ? ፈራሁ። «ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ» አልኳቸው። በሩ እምቢ አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ አልኩ። በሚቀጥለውም ሌላ።

«ባለፈው እንዲህ ነበር እንዴ ያልከኝ?»

«ይኸው ነው ጋሼ። ረስተውት ነው።»

ረስተውት ነው! እኔ ነኝ ያልኩት። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ ለዚያ ጭንቅላት፣ ረስተውት ነው አልኩ። ምነው አንዴ ብቻ ብዬው በሆነ።

አንድ ቅዳሜ ቀሩና ደወሉ።

«መኪናዋን ለልጄ ሰጠኋት። ድራይቭ ማድረግ ይብቃኝ፤ ጭንቅላቴ አልይዝ ብሎኛል። ሰው ብገጭስ?»

ጭንቅላትዎ ደህና ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ለታመመ ሰው የሚባለውን አልኩ፦ «እግዜር ይማርዎ።»

«አሜን ልጄ፣ ሁላችንንም ይማረን» አሉኝ።

ክሪስታል ሩቅ አልነበረም። አልሄድኩም። በሁለተኛው ክረምት ሞቱ፤ አእምሯቸው ምንም ሳይሆን፣ እንደሄደ አምነው።

ብቸኝነት ነው ያስዋሸኝ አልልም። እሳቸውም ብቸኛ ነበሩ፤ አንድም ቀን አልዋሹኝም።