ለሳምራ የተመረጠው መጽሐፍ

የሺሃረግ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ደብዳቤ ስትተይብ ትውላለች። ከዚያ መገናኛ ላይ የሲ.ኤም.ሲ ታክሲ ተጋፍታ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠብቃታል፤ አስተማሪነት። የጀመረችው በ1999 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው፤ ያውም ተገዳ።

ትልቋ ልጇ ሳምራ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ሲመላለስባት የኖረው ቶንሲል ልቧን ጎዳው። ሐኪሙ ደረጃ እንዳትወጣ ሲከለክላት፣ የዘጠነኛ ክፍል መማሪያው ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ዳይሬክተሩ ደግ ሰው ስለነበሩ፣ «ቤቷ ታጥና፤ ፈተና ፈተናውን ብቻ መጥታ ምድር ቤት ትፈተን» አሉ። የሺሃረግ እጅ ነስታ ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን፣ ታዲያ ማን ሊያስተምራት ነው የሚለው ሐሳብ መጣባት። ባሏ ሰሎሞን የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ቤቱ የሚያድረው በወር አራት አምስት ቀን ቢሆን ነው።

ታሪኩና ጂኦግራፊው አላስቸገረም፤ ሳምራ ራሷ እያነበበች ትወጣዋለች። እናትና ልጅን ያቃታቸው አልጀብራ ነው። የሺሃረግም በዘመኗ ማትሪክ ላይ የወደቀችው በሒሳብ ነበር። እኔ ባላውቅም ጥሩ መጽሐፍ ከተገኘ መጽሐፉ ያስተምርልኛል ብላ አሰበች። ፍለጋው የተጀመረው በዚህ ነው።

መጀመሪያ መንግሥት ያሳተመውን መማሪያ ያዙ። እሱ የተዘጋጀው በፕላዝማ ቴሌቪዥን ከሚተላለፈው ትምህርት ጋር ነውና፣ ቤት ውስጥ ለብቻው ሲከፈት ግማሹ የጎደለ ይመስላል። ቀጥሎ፣ ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ያስተምሩ የነበሩ የፈረንጅ ሚስዮናውያን ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሺሃረግ ለምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን የተዉት ወፍራም መጽሐፍ መጣ። ስዕሉ ያምራል፤ ግን ምሳሌው ሁሉ አይተውት የማያውቁት የዱላና የኳስ ጨዋታ ነው። መልሱ ያለበት የመምህሩ ቅጂም ጠፍቷል። ሦስተኛው የአንድ አስጠኚ ፎቶኮፒ ነበር፤ ጥያቄውና ምርጫው ብቻ ተደርድሮ፣ ለምን እንደሆነ አንድም ቦታ አይናገርም።

«እማዬ፣ ደግሞ ሌላ?» አለች ሳምራ ፎቶኮፒውን ስታይ።

«ይሄኛው ይሻላል አሉኝ።»

«ያኛውም ይሻላል ብለውሽ ነበር።»

የሺሃረግ ፎቶኮፒውን ከሌሎቹ ላይ ደረበችው።

የቢሮ ባልደረባዋ ፍቅረማርያም ሁኔታዋን አይቶ፣ «አጎቴ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጥተው እንጦጦ ማርያም አጠገብ ይኖራሉ። መጻሕፍቱን ይዘሽ ሂጂና ይምረጡልሽ» አላት።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ፣ መጻሕፍቱን በፌስታል ይዛ ዳገቱን በሚወጣው ታክሲ ተሳፈረች። አጠገቧ ቢጫ ጄሪካን ያቀፈች ሴት ተቀምጣለች።

«ለጸበል ነሽ?» አለቻት ሴትየዋ።

«አይ፣ ለአልጀብራ ነኝ።»

ሴትየዋ የበሽታ ስም መሰላት። «አይዞሽ፣ ማርያም ትማርሽ» አለቻት በሐዘኔታ። የሺሃረግ ጴንጤ ብትሆንም የዚያን ቀን ምርቃት የምትመልስበት አቅም አልነበራትም፤ «አሜን» አለች።

ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። ሦስቱንም መጻሕፍት አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ ገለጧቸው።

«ሦስቱም ደህና ናቸው» አሉ።

የሺሃረግ ዕንባዋ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አንዱን እንዲመርጡልኝ ነው የመጣሁት።»

«የልጅቷን ደብተር ይዘሻል?»

ደብተሩ ከመጻሕፍቱ ጋር አብሮ መጥቶ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ ሄዱበት። በእርሳስ እዚህም እዚያም ነጥብ አደረጉ። በመጨረሻ ቀና ብለው፣ «ሰባተኛ ክፍል እያለች ምን ሆና ነበር?» አሏት።

«ሆስፒታል ነበረች። ሦስት ወር ተኝታለች።»

«ተመልከቺ፤ አልጀብራውን ታውቀዋለች። የምትስተው ክፍልፋይና ኔጌቲቭ ቁጥር በመጣ ቁጥር ነው። ያን ጊዜ ያመለጣትን ማንም አልመለሰላትም። ፊደል ሳይለዩ ዳዊት አይደገምም፣ ልጄ።»

«ታዲያ የቱን ልያዝላት?»

«የሰባተኛ ክፍሉን።»

የሺሃረግ እነዚያን ሦስት የሆስፒታል ወራት አስታወሰች። አልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ እየተኛች የልጇን ትንፋሽ ስትቆጥር፣ ክፍል ውስጥ ምን እየተማሩ ይሆን ብላ አንድም ቀን አልጠየቀችም ነበር።

ቤት ስትገባ ሰባተኛ ክፍልን ያለፈችው የታናሺቱ ልጇ የርሆቦት መጽሐፍ ከአልጋ ሥር ተጎትቶ ወጣ። ሳምራ አይታው ፊቷ ቀላ።

«የርሆቦትን መጽሐፍ? እኔ? አልነካውም!»

የሺሃረግ ለመቆጣትም ለመለማመጥም ጉልበት አልነበራትም። ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠችና፣ «እንግዲያው እኔ ልማረው» ብላ ገለጠችው። ከሦስት ላይ ሰባት ሲቀነስ የሚል አገኘች። አራት ብላ ጻፈች።

ሳምራ ከሶፋው ላይ አንገቷን አስግጋ አየች። «ተሳስተሻል» አለች።

«የቱ ጋ?»

 ሳምራ እናቷ እንደተሳሳተች ጠርጥራለች እንጂ ለምን እንደሆነ አታውቅም። ርሆቦት ከጓዳ፣ «ፎቅ ነዋ! ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆናችሁ ሰባት ብትወርዱ ምድሩን አልፋችሁ አራት ትገባላችሁ፤ ኔጌቲቭ አራት!» ብላ ጮኸች።

ሳምራ ቀስ ብላ ተነሥታ ወንበር ሳበች።

ነገሩ ከዚያ በኋላ ቀለለ ማለት አይደለም። የሰባተኛ ክፍሉን መጽሐፍ ለመጨረስ እስከ ሚያዝያ ፈጀባቸው። መብራት በሚጠፋበት ቀን ሻማ እያበሩ፣ አንዳንዴ የሺሃረግ እርሳሷን እንደያዘች እንቅልፍ እየጣላት፣ ሳምራም ልቧ እየደከመ ሳምንት ሙሉ እየተኛች። በመጀመሪያው መንፈቅ ሒሳብ ላይ ሃያ ዘጠኝ ያመጣችው ልጅ ሁለተኛውን መንፈቅ በሃምሳ አንድ ጨረሰች። በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚሁ ቤቷ አጥንታ የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናን ተፈተነች።

ነሐሴ ላይ ውጤት መጣ። ሒሳብ ሲ ሆነ። ለጎረቤት የሚያወሩት ውጤት አይደለም፤ ግን ሌሎቹ ትምህርቶች አግዘውት ለመሰናዶ የሚበቃ ነጥብ ሞላላት። ሳምራ ወረቀቱን ለእናቷ ሰጥታ ፊቷን ትመለከት ጀመር።

«ደስ አላለሽም እንዴ?»

«ብሎኛል» አለች የሺሃረግ። «ደስታው ነገ ይታወቀኛል፣ የኔ ልጅ። ዛሬ ደክሞኛል።»

ሶፋው ላይ ጋደም አለች። ሁለቱ እህትማማቾች ምሳ ሠርተው ቢጠሯትም ከባድ እንቅልፍ ወስዷት አልሰማችም።